ስሙ «ኢንዲካ» ነው፤ ውስጡ ምንድን ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዕፅን ስም ግን የሚያወጣው ሻጩ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም በዚህ ልዩነት ምክንያት እንቅልፍ ያጡ ልጆች ሲታለሉ ማየቴ ነው።

የምኖረው ጫግኒ ነው፤ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። በእኛ ከተማ ከመድኃኒት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ሰው ለሐኪም የማይናገረውን ለፋርማሲ ሠራተኛ ይናገራል፤ ካርድ አይወጣም፣ ወረፋ የለም፣ ስም አይመዘገብም። ስለዚህ ከተማው ምን እንደሚያስጨንቀው ከሆስፒታሉ መዝገብ በፊት እኛ መስኮት ላይ ይሰማል።

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ቃል ወደዚህ መስኮት መምጣት ጀምሯል። በፊት የሚጠየቀው «ሃሺሽ ሱስ ያስይዛል ወይ?» ነበር። አሁን ጥያቄው ረቀቅ ብሏል። ልጁ ሰው እስኪወጣ ይጠብቅና ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ያሳየኛል። «ዶክተር፣ ይሄ ኢንዲካ የሚያመዝንበት የሚሉት ዓይነት ያስተኛል አሉ። እውነት ነው?»

በመስኮት መልሱ አጭር ነው። እዚህ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስ። ለመስበክም ለማስተዋወቅም አይደለም፤ ጠያቂው አዋቂ ሰው ስለሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል ብዬ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ካናቢስ ሳቲቫ» ብሎ መዘገበው። ከ32 ዓመት በኋላ በ1785 ፈረንሳዊው ላማርክ ከሕንድ የመጣ ናሙና አይቶ «ይሄስ ሌላ ነው» በማለት «ካናቢስ ኢንዲካ» አለው፤ የሕንዱ ማለቱ ነው። ቃሉ ሲወጣ ስለ አገር እንጂ ስለ እንቅልፍ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ዛሬ በገበያ ኢንዲካ የሚባለው ዘሩ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን የሂንዱኩሽ ተራሮች የተገኘ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቶሎ የሚደርስ ነው። ሳቲቫ የሚሉት ደግሞ ረጅም፣ ቅጠለ ቀጭን፣ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈልግና ሞቃት አገር የሚስማማው ነው። «ኢንዲካ የሚያመዝንበት» የሚባለው ሁለቱ ተዳቅለው የኢንዲካው ወገን በልጧል ተብሎ የሚሸጥ ነው። ዛሬ በሕጋዊ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዲቃላ ነው።

የነጋዴው አፈ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳቲቫ ያነቃል፣ ያስቃል፣ ያናግራል፤ ኢንዲካ ሰውነት ያፈታል፣ ያስርባል፣ ያስተኛል ይላል። የቡናና የወተት ያህል የተለያዩ ያስመስላቸዋል።

ስሜቱ ከምንም የተፈጠረ ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለ ዕፅ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይከብዳል፣ ጡንቻው ይላላል፣ ዐይኑ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይርበዋል። ደቂቃው ሰዓት ይመስለዋል፤ ከተቀመጠበት መነሳት ያስጠላዋል። ልቡ ግን በተቃራኒው በፍጥነት ይመታል። መጠኑ ሲበዛ ያው «ያረጋጋል» የተባለው ዕፅ ፍርሃትና ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል። የደነገጠውን ሰው የበለጠ ያስደነግጠዋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ግን የቅጠሉ ስፋት አይደለም። ዋናው አድራጊ እ.ኤ.አ. በ1964 ራፋኤል መሹላምና የሥራ ባልደረባው እስራኤል ውስጥ ለይተው ያወጡት ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አንጎላችን ይህን የሚቀበሉ በሮች አሉት፤ ሰውነታችን ራሱ ለሚሠራው ተመሳሳይ ንጥረ ነገር የተዘጋጁ ናቸው። ሲቢዲ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገርም አለ፤ እሱ አያሰክርም። ከዚያ ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች ይከተላሉ። ከእነሱ አንዱ ማይርሲን ይባላል፤ «ኢንዲካ የሚያስተኛው በእሱ ነው» የሚል ብዙ ሰው አለ። ማይርሲን በማንጎ ውስጥም ይገኛል። ማንጎ ቢያስተኛ ኖሮ በማንጎ ወቅት የጫግኒ ገበያ ሁሉ አንቀላፍቶ ይገኝ ነበር።

ተመራማሪዎችም ይህን የስም ነገር ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2021 የወጡ ጥናቶች «ኢንዲካ»፣ «ሳቲቫ» ተብለው የተሰየሙ ናሙናዎችን ዘረ መል መርምረው፣ ስያሜውና ዘሩ በደንብ እንደማይገጥሙ አሳይተዋል። የሁለተኛው ጥናት ውጤት፣ ስያሜው ከጥቂት የሽታ ዘይቶች ጋር እንጂ ከተክሉ አጠቃላይ ዘር ጋር ብዙም ግንኙነት እንደሌለው ነው። ይህ የሆነው ቤተ ሙከራ ባለበት፣ ግብር በሚከፈልበት፣ እያንዳንዱ እሽግ ላይ የቲኤችሲው መጠን በመቶኛ በሚጻፍበት አገር ነው። እዚህ በወረቀት ተጠቅልሎ በጓሮ ለሚመጣው ነገር «ኢንዲካ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? አረቄን «የደብረ ብርሃን ነው» ብሎ እንደመሸጥ ነው። ከየት እንደመጣ ይነግርህ ይሆናል፤ ዳግም ይሁን ተራ ግን የምታውቀው ከጠጣኸው በኋላ ነው።

ባዕድ ነው? የአባቶች ነው?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ይሟገታል። አንዱ «ከፈረንጅ የመጣ መቅሠፍት ነው» ይላል። ሌላው «የአባቶቻችን ቅጠል ነው፣ ተፈጥሮ አይጎዳም» ይላል። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል።

በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም። ከዚህ ዋሻ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ማጨሻ ጋያዎች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኘባቸው። ዘመናቸው 13ኛውና 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው፤ የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል። ትምባሆ ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። ስለዚህ ተክሉ ትናንት በቦሌ የገባ እንግዳ አይደለም። በአማርኛም ስም አለው፤ ዕፀ ፋሪስ ይባላል። ግን እዚህም ስሙ ያሳስታል። በአንዳንድ አካባቢ ዕፀ ፋሪስ የሚባለው አስተናግር ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው የሚገድል ሌላ መርዝ ነው። በስም ብቻ የተማመነ ሰው የት ሊወድቅ እንደሚችል አስቡት።

ሻሸመኔንም ሁሉም ያውቃል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝብ ተመላሾች መሬት ከሰጡ በኋላ ራስ ተፈሪያን እዚያ ሰፈሩ። ለእነሱ ጋንጃ የጸሎት ዕፅ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ለእምነት ብሎ የተወው ቀዳዳ የለም።

ለ«አባቶች ቅጠል» ወገን ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ጥቂት ጋያዎች ማን እንዳጨሰ፣ ስንት ጊዜ እንዳጨሰ፣ በኋላ ምን እንደደረሰበት አይነግሩንም። ዕፁም ያው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ከያዘው ካናቢስ የተወሰደው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ ነበረው፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። በሃያ ዓመት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የአያት ጠላና የልጅ ልጅ አረቄ አንድ ስም ስለተሰጣቸው አንድ አይሆኑም።

ማነው የሚጠይቀኝ?

የጽሑፌ ልብ እዚህ ላይ ነው። ኢንዲካን የሚጠይቁኝ ልጆች አብዛኞቹ ለጭፈራ የሚፈልጉት አይደሉም። መተኛት ነው የሚፈልጉት።

ጫግኒ ያለችበትን ቦታ አስታውሱ። ከእንጅባራ ወርዳችሁ ወደ ግልገል በለስ፣ ወደ ፓዌ፣ ወደ ጉባ የምትሻገሩባት በር ናት። በ2013 ዓ.ም. መተከል ሲነድ የሸሸው ሕዝብ የመጣው ወደ እኛ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። ከዚያ በኋላ ራንች በሚባለው መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈረ። ያ ወሬ ከዜና ወጣ፤ ከሰዎቹ ሌሊት ግን አልወጣም። ቁስሉ ሳይጠግግ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ራሱ ወደ ጦርነት ገባ። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ተኩስ የሌሊት ድምፅ ሆነ። በዚህ መሃል ጎረምሳ የሆነ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ ምኑ ይገርማል?

አንዱ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ ስተኛ እዚያው ነኝ። ስለዚህ አልተኛም።» አሜሪካ ዴንቨር የሚኖር የአክስቱ ልጅ ነው የመከረው። እዚያ ኮሎራዶ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል፤ ሻጩ እንደ ጫማ ቁጥር «ለእንቅልፍ ነው? እንግዲያው ኢንዲካ» ይላል። የአክስት ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ለራሱ የሠራለትን ነው ያካፈለው። ግን በአገሩ ሕጋዊ የሆነ ነገር እንኳ ለስደተኛ ወጥመድ እንዳለው ሳይነግረው አልቀረም ብዬ አላምንም። ካናቢስ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው፤ ግዛቱ የፈቀደውን የተጠቀመ ሰው እንኳ የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽበት ይችላል።

ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገር። ቲኤችሲ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቶሎ ሊያስተኛ ይችላል፤ ይህን መካድ ልጁን ማጣት ነው፤ ጓደኛው ሞክሮ ተኝቷልና። ሕልምንም ይቀንሳል፤ ቅዠት ለሚያሠቃየው ሰው ይሄ ትልቅ ፈተና ነው። ነገር ግን ሰውነት ይለምደዋል። ትናንት በአንድ የተኛህበትን ነገ በሁለት ትፈልገዋለህ። ስታቆም ደግሞ እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል፣ ቁጣ ይመጣል፣ ታፍኖ የቆየው ሕልም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ይህ የማቆም ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ ሁለት ሳምንት ገደማም ሊቆይ ይችላል። ልጁ ግን ይህን ስለማያውቅ «ያለ እሱ መተኛት አልችልም ማለት ነው» ብሎ ይመለሳል። ወጥመዱ ይሄ ነው።

የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሕክምና ተቋም ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች ባወጣው የ2023 መመሪያ፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ መታወክ ካናቢስ እንዳይሰጥ መክሯል። ጦርነትን ከእኛ ልጆች ጋር የሚጋሩት እነዚያ ወታደሮች ናቸው፤ የዴንቨር ሱቅ ደንበኛ አይደለም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። በየቀኑ ከ10 በመቶ በላይ ቲኤችሲ ያለውን ካናቢስ የሚያጨሱ ሰዎች፣ ፈጽሞ ካላጨሱት ይልቅ ሳይኮሲስ ለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። የሚያጨስ ሁሉ ያብዳል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አያብድም። ግን በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት፣ ዕድሜው ከሃያዎቹ አጋማሽ ያላለፈ፣ በየቀኑ የሚጠቀም ልጅ በገደል አፋፍ ላይ ነው የሚሄደው። በወረቀት የተጠቀለለው ነገር ደግሞ 4 በመቶ ይሁን 20 በመቶ ማንም አያውቅም።

ሕጉና ዝምታው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ግልጽ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ማምረትና ማዘዋወር ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዓለም በዚህ ላይ እየተለያየ ነው። ሌሶቶ በ2017 ለመድኃኒት ማምረት ፈቀደች፤ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2018 በግል ቤት መጠቀምን ከወንጀል አወጣ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አወረደ። እነዚህ ሁሉ የእኛን ሕግ አልለወጡም፤ እኔም «ይፈቀድ» ብዬ አልጻፍኩም። አረቄና ጫት ያለ ከልካይ ምን እንዳደረጉን እያየሁ ሦስተኛ ልጨምር አልልም። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አረቄ ቤት ገብቶ መታወቂያ የተጠየቀ ልጅ ካያችሁ ንገሩኝ።

የምለው ሌላ ነው። ሕጉ ለነጋዴው የተሳለ ሰይፍ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር የሚያስፈራው ታማሚውን ነው። አንዲት እናት መጥተው ልጃቸው ከራሱ ጋር እንደሚያወራ፣ ምግቡ ተመርዟል እንደሚል ነገሩኝ። «ምን ይወስዳል?» ስላቸው ዙሪያቸውን አዩ። «ልጄ፣ ብናገር ያስሩብኛል» አሉ። ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም ይህን ደብቀው ነበር፤ ስለዚህ ሕክምናው በጎዶሎ ታሪክ ተጀመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እናውቃለን። ግን አደባባይ አውጥተን የምንቀጣው የሚናገረውን ከሆነ ማን ይናገር?

ጠበል እንደወሰዱትም ነገሩኝ። ደግ አደረጉ። ጠበልና ክኒን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ «ጠበል ከጀመርክ መድኃኒት ተው» የሚለው ምክር ነው የሚጎዳው።

በእኛ ሙያ ውስጥ ያለውንም ልናገር። ሌሊት አልተኛም ላለ ልጅ ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል የሚሰጥ መስኮት አለ። አንዱን ሱስ ከጓሮ፣ ሌላውን ከመደርደሪያ ከሸጥን ልዩነታችን ጋዎኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እንቅልፍ ላጣ ሰው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተነሳ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ብታነጋም እንኳ። ቀን አትተኛ። ጫት ከቀረ ይቅር፤ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ አይሁን። የማታውን ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ቢል ጥፋቱ የእንቅልፍ አይደለም። ካልተኛህ አልጋ ላይ አትገላበጥ፣ ተነሥተህ ተቀመጥ፣ ሲመጣ ተመለስ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች ከክኒን በፊት የሚያስቀድሙት ሕክምና የተገነባው በእነዚህ ልማዶች ላይ ነው። ቅዠቱ ካልለቀቀህ፣ ያየኸው ነገር በቀንም ከመጣብህ፣ ያ ስም ያለው ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው።

ለቤተሰብ፦ ልጁ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ፣ ሁሉን ከጠረጠረ፣ ራሱን ስለማጥፋት ካወራ፣ «ነገ እናያለን» አይባልም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። የሚወስደውንም ነገር ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ለማከም ነው።

ለሚመለከተው፦ ለተፈናቃይ ዱቄትና ዘይት ሲታደል የሌሊቱ ነገር አብሮ ይታሰብ። ኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የዓለም ጤና ድርጅት ከጀመረባቸው የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ናት። ይህ ሥራ በጣም የሚያስፈልገው መጠለያ ባለበት፣ ጦርነት ባለፈበት ከተማ ነው። የሠለጠነ አንድ የአእምሮ ነርስ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ሳይቋረጥ የሚቀርብ መድኃኒትና «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» የሚል ቃል። ቃሉም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በፖሊስም ዘንድ የተከበረ ይሁን።

«ኢንዲካ» የሚለው ቃል ጫግኒ የደረሰው በስልክ ነው፤ ለመምጣት መንገድ አላስፈለገውም። የአእምሮ ሐኪም ግን መንገድ ያስፈልገዋል። ልጆቻችን የቀደመውን ቢከተሉ አንፍረድባቸው፤ የዘገየውን እናፋጥን።

በግልገል በለስ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ በእናንተ መስኮት የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ ከታች ጻፉልን። ልጆችም ብትሆኑ ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም።